ስልኬ ኔትዎርክ የለውም፣ ኩባንያው ተሸጧል አሉኝ፣ ዛሬውኑ የቱ ጋ ልግባ?

ባለዴሊቨሪው፦ ሰላም ወገኖች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ ኤስኦኤስ (ለአደጋ ጥሪ ብቻ) ነው የሚለው፣ አይደውልም ዳታ የለውም፣ ዴሊቨሪ ነው የምሰራው ያለ ስልክ ቁጭ ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ የያዝኩት ርካሽ የስልክ ኩባንያ በትልቁ ተገዝቷል ይላሉ፣ በቻት ስጠይቃቸው አንዱ ወደ አንዱ ይገፋኛል። ሰልችቶኛል ልቀይር ነው፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ካርየር (የስልክ ኩባንያ) ንገሩኝ። ባንኩም ኮድ የሚልክልኝ በዚሁ ቁጥር ነው ቁጥሬ እንዳይጠፋ።

ማሜ፦ አጥፍተህ አብራው

የሲያትሏ፦ ወንድሜ የት ከተማ ነህ? ስልኩስ ምንድነው? ከፍለህ ጨርሰኸዋል ወይስ በየወሩ ነው? ይሄን ሳትነግረን ምን እንበልህ

ዘጠና ስድስት፦ የማይሸጥ ካርየር 😂 እኔንም ጠቁሙኝ። አገር ቤት ሳለን ቴሌ ብቻ ነበር ምርጫ የለም ጭንቀት የለም፣ ሳፋሪኮም በ2022 ሲገባ ነው አበሻ ሁለት ሲም መያዝ የጀመረው

ጋሽ ቨርጂኒያ፦ ልጄ፣ እስቲ ረጋ በልና ስማኝ። አሜሪካ ውስጥ ስሙ ብዙ ነው እንጂ ትልቁ ኔትዎርክ ሦስት ነው፣ ቬራይዘን፣ ኤቲኤንድቲ፣ ቲሞባይል። ስፕሪንት አራተኛ ነበር፣ በ2020 ቲሞባይል ዋጠው። ያኔ መንግሥት አራተኛ ይኑር ብሎ የስፕሪንት የነበረውን ቡስትን ዲሽ ለሚባለው ኩባንያ አሸጠ፣ የዲሽ እናት ኩባንያ ደግሞ በ2025 ስልክ ከሚሰራበት የሬዲዮ ሞገዱ ብዙውን ለኤቲኤንድቲ በ23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊሸጥ ተስማማ። ትራክፎንን በ2021 ቬራይዘን ገዛው፣ ሚንትን በ2024፣ ዩኤስ ሴሉላርን ደግሞ በ2025 የገዛው ቲሞባይል ነው። ክሪኬት የኤቲኤንድቲ ነው፣ ሜትሮ የቲሞባይል፣ ቪዚብል የቬራይዘን። ስለዚህ ስም አትምረጥ፣ ቤትህና የምትሰራበት ሰፈር የትኛው ይይዛል የሚለውን ምረጥ።

ማሜ፦ ጋሼ ልጁ ኔትዎርክ የለኝም ነው ያለው ታሪክ አልጠየቀም። ኤርፕሌን ሞድ አድርገህ መልሰው

ኪያ፦ እኔ በመቀየሩ አልስማማም። ኩባንያ ስለተገዛ ስልክ በአንድ ጠዋት አይሞትም፣ ሲሙ ነው። ሲዋሃዱ የድሮውን ኔትዎርክ ይዘጉና አዲስ ሲም በፖስታ ይልካሉ፣ ያልቀየረ ሰው ቀኑ ሲደርስ እንዲህ ይሆናል። ፖስታ አልደረሰህም?

ባለዴሊቨሪው፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ አይፎን 11 ነው። ፖስታ አላየሁም ግን ቤት ቀይሬያለሁ እነሱ ጋ ያለው የድሮው አድራሻ ነው

ኪያ፦ በቃ አገኘነው። በዋይፋይ አካውንትህ ውስጥ ግባና ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) ላኩልኝ በላቸው፣ አይፎን 11 ይቀበላል፣ ሱቅም መሄድ የለብህም

ሳራ ሜሪላንድ፦ ኪያ ልክ ናት ግን ልቀይር ካልክ ይሄን አንብብ። መጀመሪያ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ገብተህ ካርየር ሎክ የሚለውን እይ፣ ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ ካላለ ስልኩ ተቆልፏል፣ አንሎክ ሳይደረግ (ሳይከፈት) የሌላ ኩባንያ ሲም አይሰራበትም። ሁለተኛ፣ አሮጌውን መስመር እንዳትዘጋ!! ከዘጋኸው ቁጥሩ ሊሄድ ይችላል። አካውንት ነምበርና ትራንስፈር ፒን (ቁጥር ማዛወሪያ ኮድ) ከአሮጌው ትወስዳለህ፣ ነምበር ሎክ (ቁጥሩ እንዳይዛወር የሚቆልፈው) ካለ ታጠፋለህ፣ ከዛ አዲሱ ራሱ ይስበዋል አሮጌውም በዛው ይዘጋል። ቀሪ ዕዳ ቢኖርብህ እንኳ ቁጥርህን አልለቅም ማለት አይችሉም፣ ዕዳው ግን ይከተልሃል። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ ርካሾች ኔትዎርኩ ላይ ሰው ሲበዛ ዳታህን ወደኋላ ያስቀምጡታል፣ ይዘገያል፣ ዓርብ ማታ ኦርደር ስታነሳ የሚሰማህ እሱ ነው፣ ለስራ ከሆነ ትንሽ ጨምረህ ቅድሚያ ያለው ፕላን ያዝ።

ዘጠና ስድስት፦ ቲሞባይል ውሰድ እኔ ጋ እሳት ነው

የሲያትሏ፦ አንተ ጋ ማለት የት ነው? እሱ አሌክሳንድሪያ ነው አንተ ዴንቨር 😂 ስልኩ አንሎክ ከሆነ የነጻ ሙከራ ኢሲም አለ፣ ጭነህ በምትነዳበት መንገድ ሞክረው። ያ ሳይሆን አትፈርም፣ በተለይ ነጻ ስልክ እንሰጥሃለን ካሉህ፣ ነጻው በየወሩ ከምትከፍለው ሂሳብ ላይ እየተቀናነሰ ነው የሚሰጡህ፣ መሃል ላይ ከወጣህ ቀሪውን ትከፍላለህ

ማሜ፦ አጥፍተህ አበራኸው ግን?

ኪያ፦ @ባለዴሊቨሪው ኢሲሙ መጣልህ?

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ እዚሁ ልጠይቅ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው ስልኳ ሳምሰንግ ነው ከዛው ነው የተገዛው፣ እዚህ ሲም ይቀበላል?

ሳራ ሜሪላንድ፦ ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል ስትደውል አይኤምኢአዩ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ይወጣል፣ እሱን የምትገባበት ካርየር ድረገጽ ላይ አስገቢው ይነግርሻል። እዚህ 3ጂ ተዘግቷል፣ ቮይስ ኦቨር ኤልቲኢ (በ4ጂ መደወያው) የማይሰራበት ከሆነ ዳታ ቢኖረውም ጥሪ አያደርግም

ማሜ፦ ሲም ከማስገባቷ በፊት አጥፍታ ታብራው