ጠዋት ደሴ ተክሊል፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ ድግስ፦ የትኛውን ቬሎ ልምረጥ?

ሙሽሪት ከደሴ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሠርጌ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ነው። ሥርዓተ ተክሊሉ ማለዳ ደሴ በአጥቢያችን ይፈጸማል፤ የምሳው ድግስ ግን የሙሽራው ቤተሰቦች በሚኖሩበት በኮምቦልቻ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካሉ አከራዮች ዘንድ ብዙ ቬሎ ለክቼ በመጨረሻ ሁለት ላይ ቆሜአለሁ። አንደኛው እጅጌ የለውም፤ ከወገቡ በታች በባለ ሽቦ ጉርድ የተነፋና ረጅም ጭራ ያለው ነው። ሁለተኛው ባለ ዳንቴል እጅጌ፣ ሰውነት ላይ የሚያርፍ፣ ጭራውም አጭር ነው። የመጀመሪያውን ስለብስ ሚዜዎቼ እልል ይላሉ፤ እናቴ ግን «ይህን ለብሰሽ ነው ካህናቱ ፊት የምትቆሚው?» ትላለች። አክስቴ ደግሞ ጭራሽ ቬሎውን ትቼ በጥበብ ቀሚስ እንድዳር ትፈልጋለች። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ማየት እንዳለብኝ የምታውቁ ብትመክሩኝ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መፈለጉም ይጠቅም እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የመርፌ ሥራ፦

እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልጄ። የሙሽራ ልብስ እየሰፋሁና እያስተካከልሁ ነው የኖርሁት። ቬሎ የሚያስቸግረው መስታወት ፊት ቆመሽ ስትታዪ ሳይሆን ስትሰግጂ፣ መኪና ስትገቢና ከምሳ በኋላ ስትጨፍሪ ስለሆነ፣ ከምርጫው በፊት የዕለቱን ውሎ ከሌሊት ጀምረሽ አስቢው።

አከራዮቹ የቬሎውን ርዝመት የሚያስተካክሉት ተረከዝ ባለው ጫማ በሚኖርሽ ቁመት ነው፤ ቤተ መቅደስ ስትገቢ ግን ጫማሽን ታወልቂያለሽ። ተረከዙ 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ያን ያህል ጨርቅ በዙሪያሽ መሬት ላይ ይተኛና በተራመድሽ ቁጥር የፊቱን ጠርዝ ትረግጪዋለሽ። ስለዚህ ሁለቱንም በጫማም በባዶ እግርም ለክተሽ፣ ጥቂት ተራምደሽ፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለሽ እዪአቸው። ዝቅ ያለ ጫማ የማትወጂ ከሆነ ከፊት በኩል ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ በእጅ ስፌት ይያዝልሽ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ ሚዜሽ ክሩን መዝዛ ትለቀዋለች።

የወገቡንም ነገር አትናቂው። ሥጋ ወደሙ የሚቀበል ሰው 18 ሰዓት ስለሚጾም፣ ሌሊት በባዶ ሆድሽ የተመቸሽ ወገብ ምሳ ላይ ትንፋሽ ሊያሳጥርሽ ይችላል። ልክ የምትሄጂው ምሳ በልተሽ ይሁን፤ ወንበር ላይም ተቀምጠሽ ቆይተሽ እዪው። ከኋላ በገመድ የሚታሰር ከሆነ እንደ ሁኔታው ይላላል፤ ዚፕ ብቻ ያለው ግን ከተጠበበ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም።

በተክሊል ላይ ካባ ይደረባል፣ አክሊልም ይደፋል። ትከሻ ላይ የተደረደረ አበባ ካባው ሥር ይጨፈለቃል፤ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ፀጉርና ከሱቅ የተገዛ ዘውድም ለአክሊሉ ቦታ አይሰጡትም። ክንድና ደረት የተገለጠበትን ቬሎ የማይቀበሉ አጥቢያዎች ስላሉ፣ እናትሽ ያለችውን ንስሐ አባትሽን አሁኑኑ ጠይቂ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

የቦርከና ልጅ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ኒካሕ ያሰረች ሁሉ የእጅጌውን ጉዳይ ታውቀዋለች። እኛ ዘንድ እጅጌ አልባውን ቬሎ የወደደች ሙሽራ ከውስጡ እጅጌና አንገት ያለው ስስ ልብስ ትለብስና ሂጃቡን ከዚያው ጋር ታዛምዳለች፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ልብሽ ከተነካ መላ አይጠፋም። ከባዱ ግን የውስጡን ልብስና የቬሎውን ነጭ ማመሳሰል ነው። ወደ ክሬም የሚያደላው ዳንቴልና ደማቁ ነጭ በሱቁ መብራት አንድ ይመስላሉ፤ ደጅ ሲወጡ አንደኛው ያረጀ መስሎ ይታያል። ባለ ሱቁ ቢያጉረመርምም በር ላይ ይዘሽ ወጥተሽ በቀን ብርሃን እዪው።

ደግሞ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ስትጨርሺ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለሻል። ማለዳ ደሴ ላይ የሚያንቀጠቅጥሽ ብርድ እኩለ ቀን ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ የለም፤ ገበሩ ወፍራምና አየር የማያስገባ ከሆነ ላቡ ከፊትሽ ላይ ኩሉን ይዞት ይወርዳል። ወቅቱም የበልግ ዝናብ የሚጥልበት ነው። ያን ረጅም ጭራ በጭቃ ማን ይሸከምልሻል?

የሐይቅ መንገደኛ፦

ከላይ የተባለውን ሁሉ ሳነብ አክስትሽ የተናገሩት ሚዛን ደፋብኝ። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በአውሮፓ የተስፋፋው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው፤ ለእኛ ሃይማኖታዊ ግዴታ አይደለም። ደህና ተደርጎ የተሰፋ የጥበብ ቀሚስ ክንድ ይሸፍናል፣ ካባም ይቀበላል፣ ጭራም የለውም። ከሠርግ በኋላም ለጥምቀትና ለፋሲካ ይለበሳል፤ የተከራየሽው ቬሎ ግን በማግሥቱ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

የመርፌ ሥራ፦

በመልካምነቱ እስማማለሁ፤ ጊዜው ግን ያሳስበኛል። ሸማኔው ድሩን አድርቶ ጥበቡን እስኪጥል፣ ከዚያም እስኪሰፋ ሳምንታት ይፈጃል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ትእዛዝ ይደራረብበታል። አሁን ይታዘዝ ቢባል ለመልስ ቢደርስ ነው፤ ለመልስ ደግሞ ከካባ ጋር ከእርሱ የሚበልጥ የለም። አክስትሽም በዚህ ደስ ይላቸዋል። አዲስ አበባ ከሄድሽም ለቬሎው ሳይሆን ለዚህ ሂጂ፤ ሽሮ ሜዳ የተዘጋጀውን ለክተሽ መግዛት ትችያለሽ። ቬሎ ከሩቅ ተከራይቶ ወገቡን ለማስጠበብ 400 ኪሎ ሜትር መመላለስ ግን አይመከርም።

ሙሽሪት ከደሴ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሁለቱንም በባዶ እግሬ ለካኋቸው፤ የመጀመሪያው ሦስት እርምጃ እንኳ ሳያስኬደኝ ሽቦው እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ ሚዜዎቼም ሳቁብኝ። ሁለተኛውን ልይዝ ነው፤ የጥበብ ቀሚሱም ለመልስ ይሆናል። እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቀብዱን ስከፍል ምን ላስፈርም?

የመርፌ ሥራ፦

ቬሎውን ከነጉድለቱ ፎቶ አንሺው፤ የተነቀለ ዕንቁም ሆነ የቆየ እድፍ ካለ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ሲመለስ በአንቺ ይላከካል። የምትረከቢበት ቀን ዓርብ ተብሎ ይመዝገብ፤ ቅዳሜ ከተባለ የጎደለ ነገር ቢኖር የምታስተካክዪበት ሰዓት አይኖርሽም። ከአንቺ በፊት ባለው ሳምንት ለሌላ ሙሽራ ተከራይቶ እንደሆነም ጠይቂ፤ ከተከራየ ታጥቦ የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ያስረዱሽ። የማስጠበቡ ዋጋ በኪራዩ ውስጥ ይሁን አይሁን፣ እድፍ ቢገኝ ከመያዣው ስንት እንደሚቆረጥ ቁጥሩ ተጽፎ ይሰጥሽ። ወጥ እንደሚፈስበት ከወዲሁ እወቂው።