በግሪን ካርድ ቶሮንቶ ሰርግ ለመሄድ ምን ያስፈልጋል? አሳይለም (ጥገኝነት) የጠየቀ ወንድሜስ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ኦገስት ላይ የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ታገባለች፣ ሚዜዋ ነኝ መቅረት አልችልም። በመኪና ነው የምንሄደው በቡፋሎ በኩል። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው ኦክቶበር ላይ ያልቃል፣ ጓደኛዬ ግን በ2019 ግሪን ካርዷን ብቻ አሳይታ ነው ያለፈችው ፓስፖርት የጠየቀኝ የለም ትላለች። ልጆቼ የ4 እና የ7 ዓመት ናቸው፣ እዚሁ ነው የተወለዱት፣ ፓስፖርት ገና አላወጣሁላቸውም፣ ባለቤቴ ደግሞ ሥራ አለበት አይመጣም። ወንድሜም አብሬ ልምጣ እያለኝ ነው። አሳይለም ጠይቆ ኢንተርቪው እየጠበቀ ነው፣ ወርክ ፐርሚትና የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሦስት ቀን ስለሆነ ምንም አይሉኝም ይላል። ቪዛ ያስፈልገናል ወይ?

የቶሮንቶው፦
እህቴ ከወንድምሽ ልጀምር፣ ሌላው ቀላል ነው። በፍጹም እንዳትወስጂው! አሳይለም እየጠበቀ ያለ ሰው አድቫንስ ፓሮል፣ ማለትም ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ሳይይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ኬዙን እንደተወው ነው የሚቆጠረው፣ ሦስት ቀንም ይሁን ሦስት ሰዓት ለውጥ የለውም። ወርክ ፐርሚት ለሥራ ነው እንጂ ወጥቶ ለመመለስ አይሆንም። አድቫንስ ፓሮሉ በአይ-131 ፎርም ነው የሚጠየቀው፣ ጊዜ ይፈጃል። ቢያገኝ እንኳን የኢትዮጵያ ዜጋ ስለሆነ ለካናዳ ቪዚተር ቪዛ ያስፈልገዋል፣ 100 የካናዳ ዶላር ነው ለአሻራው ደግሞ 85 ይጨመራል። ያለ ቪዛ ድንበሩ ድልድይ ላይ ቢመጣ የካናዳው ኦፊሰር ይመልሰዋል፣ ከዛ የአሜሪካው ፊት የሚያሳየው ወረቀት ሳይኖረው ይቆማል ማለት ነው። ዓመታት የጠበቀበትን ነገር ለሰርግ ብሎ አያጥፋ።

ያንቺን በተመለከተ ቪዛ አያስፈልግሽም፣ ኢቲኤም (በኢንተርኔት የሚጠየቀው የካናዳ መግቢያ ፈቃድ) አያስፈልግሽም። የጓደኛሽ ነገር ያኔ እውነት ነበር፣ ግን ከኤፕሪል 26 2022 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በመኪናም በአውሮፕላንም ሲገባ ያልተቃጠለ የሀገሩን ፓስፖርት እና ያልተቃጠለ ግሪን ካርዱን ሁለቱንም ማሳየት አለበት።

እማማ ከዳላስ፦
ልጄ ፓስፖርትሽን ቶሎ አሳድሺ፣ 6 ወር ካልቀረው አይሆንም። እኔን ወደ ዱባይ ስሄድ በዚሁ ምክንያት ከኤርፖርት መልሰውኛል ሻንጣዬን ይዤ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት።

የቶሮንቶው፦
እማማ ለዱባይ ልክ ነዎት፣ ካናዳ ግን የ6 ወር ሕግ የላትም፣ በቆይታዋ ጊዜ ያልተቃጠለ ከሆነ ይበቃል። ቪዚተር ብዙ ጊዜ እስከ 6 ወር ይፈቀድለታል፣ ፓስፖርቱ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ እስከዛው ብቻ ነው። ስለዚህ ኦክቶበር ድረስ ካለሽ ለኦገስት ሰርግ ችግር የለም። የማሳደሻውን ማመልከቻ ግን ከሰርጉ በፊት አታስገቢ፣ ፓስፖርቱ የሚታተመው አዲስ አበባ ስለሆነ እስኪመጣ ሰርጉ ሊያልፍሽ ይችላል። ተመልሰሽ ወዲያው ጀምሪ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ስለ ልጆቹ እኔ ልንገርሽ አምና አድርጌዋለሁ። በመኪና ከሆነ ከ16 ዓመት በታች የሆነ የአሜሪካ ዜጋ በበርዝ ሰርተፊኬት ያልፋል፣ ኦርጅናሉን ወይም ማኅተም ያለውን ኮፒ ያዢ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይደለም። በአውሮፕላን ከሆነ ግን ለሕፃንም ፓስፖርት ግዴታ ነው። ደግሞ አባታቸው ስለማይመጣ የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ የት እንደምትሄዱ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስልኩና አድራሻው ይኑርበት፣ ኖተራይዝ አስደርጉት፣ ማለትም ፊርማው በሕጋዊ አረጋጋጭ ፊት ይረጋገጥ። እኔን ድልድዩ ላይ ኦፊሰሯ ደብዳቤውን አንብባ ትልቁን ልጄን አባትህ የት ነው አለችው፣ ሥራ አላት፣ ባለቤቴ ጋ ደወለች፣ አነሳ፣ አለፍን። ባያነሳ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ እስከ ቶሮንቶ ልቤ ሲመታ ነበር፣ ስለዚህ ያን ቀን ስልኩን ከእጁ እንዳያወርድ ንገሪው።

ሹፌሩ፦
መኪናው የኪራይ ከሆነ ካናዳ እንደምትገቢ ለአከራዮቹ ቀድመሽ ንገሪ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ የራስሽ ከሆነ ኢንሹራንስሽ እዛም እንደሚሠራ ደውለሽ አረጋግጪ። ከቡፋሎ የሚያሻግረው ድልድይ ፒስ ብሪጅ ከተጨናነቀ ሌላው ድልድይ ሉዊስተን ኩዊንስተን አለ፣ ከመድረስሽ በፊት የሁለቱንም የጥበቃ ሰዓት እዪ። የኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ ኦንታሪዮ ውስጥ ዕረፍት ስለሆነ ያኔ ሰልፉ ይረዝማል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ወንድሜን አስነበብኩት፣ ለሎየሩም ደወለ፣ እንዳትሞክረው ነው ያለው። በጣም ከፋው ከሙሽራዋ ጋር አብረው ነው ያደጉት፣ ግን ይቀራል። ሙሽራዋም ስትሰማ መልሱን በቪዲዮ አስገባዋለሁ ብላለች። አንድ ነገር ብቻ፣ እናቴ በርበሬና ሽሮ ውሰጂልኝ ትላለች፣ ስጦታም ይዣለሁ፣ ያስቸግሩኛል?

የቶሮንቶው፦
በርበሬውንም ሽሮውንም ሳይጠይቁሽ ቀድመሽ ተናገሪ፣ ሰው የሚቸገረው የለኝም ብሎ ሲገኝበት ነው። እያንዳንዱ ስጦታ እስከ 60 የካናዳ ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ከዛ ካለፈ ቀረጥ ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ ደረሰኙን ያዢ።