የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ይተኛ ወይስ ይንቀሳቀስ?

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ሰላም ናችሁ ወይ፣ እስቲ እናንተ ፍረዱን። አባዬ የኩላሊት እጥበት ከጀመረ ሁለት አመቱ ነው፣ ሰሞኑን ደሞ መርሳት አመጣ፣ በቀደም ቁልፉን በእጁ ጨብጦ "ቁልፌን የት ጣላችሁት" እያለ ቤቱን ሲያምስ ዋለ። እኔ በየቀኑ ትንሽ ይራመድ ባይ ነኝ፣ እጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶች የሚንቀሳቀሱት ላይ የመርሳት በሽታ አነስ ብሎ ነው ያገኙት። እማዬ ደሞ የታመመ ሰው አታንገላታ ብላ አልጋ አንጥፋ ትጠብቀዋለች። ማናችን ነን ልክ?

ሳቢያን፦ እናትህ። ወንድሜ እንዳትቀየመኝ ግን ሰውየው 4 ሰአት ሙሉ ማሽን ላይ ውሎ ተጨምቆ ነው የሚወጣው፣ በዛ ላይ የድሬ ሙቀት፣ ውሃ እንኳን እንደልቡ አይጠጣ፣ አዙሮት ቢወድቅስ? ጥናት ያልከውም እኮ መራመድ የቻለው መጀመሪያውኑ ሻል ያለው ሰው ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ነርሷ፦ ሳቢያን ልክ ነህ፣ ጥናቶቹ መንስኤውን አላረጋገጡም። ግን እሱ ይተኛ አያሰኝም። ብዙ ታጣቢ ላይ ግፊትና ስኳር የጭንቅላቱን ደም ስር ቀድመው ጎድተውታል፣ እጥበት ላይ ደሞ ግፊቱ ድንገት ሲወርድ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ በተለይ ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ አጠራቅሞ የመጣ ሰው ላይ። ሙሉ ቀን የሚተኛው በሽተኛዬ ጡንቻው አልቆ ከወንበር ለመነሳት ሰው ይጠራል። ጀርመን ውስጥ ማሽን ላይ እያሉ ለ12 ወር ስፖርት የሰሩት በ60 ሰከንድ ቁጭ ብድግ የሚሉት ቁጥር ጨምሯል፣ የተለካው ጉልበት ነው እንጂ መርሳት አይደለም፣ ቢሆንም ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ መቻል ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ከማሽን እንደወረደ አይራመድ፣ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰአት ላይ ይውጣ፣ ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ የሚገባበት ደም ስር) ባለበት እጁ ከባድ አይሸከም፣ ደረቱን ከወጋው ያቁም። የከዚራ ልጅ፣ መርሳቱ ድንገት ከመጣ ግን አስቀድሞ ሀኪም ይየው፣ የስኳር መውረድ፣ ኢንፌክሽን፣ የቀረ እጥበት ሁሉ ሰው ያደናግራል።

ጀጎል፦ እኔ የምፈራው በርጫውን ነው። አጎቴን "ይረፍ" ብለን ብንተወው ከ7 ሰአት እስከ መግሪብ መቃም ሆነ ስራው፣ ጫት ደሞ ግፊት ይጨምራል። አሁን እዚህ ሀረር ጠዋት ጠዋት ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ ደርሶ ይመለሳል፣ መንገድ ላይ ሁለቴ ቁጭ ይላል፣ ሰላም የሚለው ሰው ብዛቱ! ወላሂ ፊቱ ራሱ ተመልሷል።

ሳቢያን፦ እሺ ገባኝ። ግን በሳምንት 3 ጊዜ መታጠብ ያለበት ሰው ብር አጥሮት 2 ጊዜ ሲታጠብ እያየሁ ተራመድ ማለት ያመኛል፣ መጀመሪያ እሱ ይሟላለት።

ነርሷ፦ እሱ ላይ አልከራከርህም፣ እኔም በየቀኑ ያመኛል። ለእርምጃ ግን ብር አይከፈልም።

የከዚራ ልጅ፦ ሀሙስ ሀኪሙ ጋ እንወስደዋለን። ይችላል ካለን አርብ ጠዋት ከባቡር ጣቢያው ጀምረን በዛፎቹ ጥላ ጥላውን ይዘን እንወጣለን፣ እማዬም በርጩማ ይዤ እከተላችኋለሁ ብላለች።