48 ሰዓት ያልኖረ ሕፃን ይወርሳል ወይስ አይወርስም?

የመወያያ ጥያቄ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 4 ላይ፣ ከተወለደ 48 ሰዓት ሳይሞላው የሞተን ሕፃን «ለመኖር የማይችል» ሆኖ እንደተወለደ ይገምተዋል። ይህ ግምት ዛሬም ሊጸና ይገባዋል?

ጠበቃ (ሄርማታ፣ ጅማ)፦ ሊጸና ይገባዋል። አንቀጽ 2 የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ እንደተወለደ እንዲቆጠር የፈቀደው፣ በሕይወትና ለመኖር የሚችል ሆኖ ከተወለደ ብቻ ነው። ቁርጥ ያለ ሰዓት ባይኖር እያንዳንዱ የውርስ መዝገብ የሐኪሞች ሙግት ይሆን ነበር። አንቀጽ 3 ደግሞ 48 ሰዓት የኖረውን ልጅ ማንም በማስረጃ እንዳያፈርስበት አድርጎ ለመኖር ይችላል ብሎታል፤ ይህም ለሕፃኑ የተደረገ ጥበቃ ነው።

የሕግ ተማሪ (ጅማ ዩኒቨርሲቲ)፦ ሰዓቱ ለማን እንደሚፈርድ እንይ። ሌላ ልጅ የሌለው ባል ሳይናዘዝ ሞተ፣ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት እንበል። በሕጋችን የትዳር ጓደኛ ወራሽ ስላልሆነች፣ ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ከወሰደች በኋላ የባልየው ድርሻ የሚሄደው ለልጁ ነው። ልጁ በ50ኛው ሰዓት ቢሞት አባቱን ወርሶ ሞቷልና እናቱ ከአባቱ ወገን ከመጣው የማይንቀሳቀስ ንብረት በቀር ሀብቱን ከእሱ ትወርሳለች፤ በ40ኛው ሰዓት ቢሞት ግን ሀብቱ ወደ ባልየው ወላጆች ይሄዳል፣ እሷም ከባልየው ድርሻ ምንም አታገኝም።

አዋላጅ ነርስ (መንደራ፣ ጅማ)፦ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባው ስላልጠና የመተንፈስ ችግሩ የሚብስበት በእነዚሁ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ሲፓፕ የሚባለው መተንፈሻ መሣሪያ ባለበት ክፍል የሚተርፈው ሕፃን፣ በሌለበት ሊሞት ይችላል። ታዲያ ለመኖር ያልቻለው ሕፃኑ ነው ወይስ ያላኖረው የጤና ተቋማችን ጉድለት ነው?

ጠበቃ፦ እህታችን የጠቀሱትን ሕጉ ዘንግቶት አይደለም። የአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 2፣ ሞቱ ከሕፃኑ ተፈጥሯዊ ጉድለት ሌላ ምክንያት እንዳለው ከተረጋገጠ ግምቱ እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ምጥ በመርዘሙ የታፈነ ሕፃን በዚህ ይሸፈናል። ያልጠና ሳንባ ግን የተፈጥሮ ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አከራካሪ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ሞቱ በሌላ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ያለባት አራሷ ናት፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ በጤና ተቋሙ ካርድ ላይ ነው። ከጅማ ወጣ ባለ ገጠር ቤቷ የወለደችማ ካርዱም የላትም። የስፔን ሕግ የ24 ሰዓት መስፈርቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አንስቶታል፤ የስዊዘርላንድ ሕግም በሕይወት መወለድን ብቻ ይጠይቃል። የእኛን ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የመጡባት ፈረንሳይ እንኳ «ለመኖር መቻልን» ብትጠይቅም ሰዓት አልቆረጠችም።

ነጋዴ (ጊንጆ፣ ጅማ)፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሕፃኑ በመሣሪያ ሲተነፍስ ቆይቶ 47ኛው ሰዓት ላይ ቢደርስ፣ መሣሪያው ይነቀል የሚለውና ይቆይ የሚለው ዘመድ የሚከራከረው ስለ ሕፃኑ ነው ወይስ ስለ ውርሱ?

ጠበቃ፦ ይህ ሥጋት ተገቢ ነው። ሰዓቱ ይሰረዝ በሚለው አሁንም አልስማማም፤ የማስረዳት ሸክሙ ግን «መኖር አይችልም ነበር» በሚለው ወገን ላይ ይዙር ከተባለ እደግፋለሁ።

አዋላጅ ነርስ፦ ሸክሙ እስኪዞር ድረስ፣ የሥራ ባልደረቦቼ የተወለደበትንና የሞተበትን ሰዓት ከነምክንያቱ በካርዱ ላይ ይጻፉ። «ያለጊዜው የተወለደ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ኦክስጅን ተቋርጦ ከነበረ መቋረጡም ይጻፍ።