የልብስ ማድረቂያው ይዞራል፣ ግን አይሞቅም፤ ጥፋቱ የሬዚስታንሱ ነው ወይስ የፊውዙ?

ጠያቂ፣ ከማራኪ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ጎንደር ላይ ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሕፃናት ልብስ በገመድ ማድረቅ ስላስቸገረን፣ ዘመድ ከውጭ የላከልንን የልብስ ማድረቂያ ማሽን አዘውትረን እንጠቀም ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ከበሮው እንደ ወትሮው እየዞረ፣ ነፋሱም እየነፈሰ፣ ሙቀት ጨርሶ አጥቷል። እርጥቡን አየር በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ዓይነት ሲሆን፣ በጀርባው ላይ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 2200 ዋት የሚል ተጽፎበታል። አንድ ጥገና ቤት ማሽኑን ሳያየው «ሬዚስታንሱ (አየሩን የሚያሞቀው ሽቦ) ተቃጥሏል፣ ከአዲስ አበባ ይምጣ» አለኝ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ስላለኝ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ጥፋቱን ራሴ ለይቼ፣ የሚቻል ከሆነም ራሴ ለመቀየር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ፣ ከአራዳ፦
እህቴ፣ ከበሮው የሚዞርና ነፋሱ የሚነፍስ ከሆነ ሞተሩም ቺንጋውም ደህና ናቸውና ፍለጋዎን በማሞቂያው መስመር ላይ ብቻ ያድርጉ። የፕሮግራም መምረጫው ያለ ሙቀት በሚያናፍሰው ላይ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ የሚጠረጠሩት ሬዚስታንሱ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትና ሙቀት ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጠው የሙቀት ፊውዝ ናቸው። ኤሌክትሪኩ እነዚህን በየተራ አልፎ ስለሚሄድ የአንዱ መቋረጥ ሙቀቱን በሙሉ ያጠፋዋል፤ ሳይለኩ ሬዚስታንሱን መወንጀል ተገቢ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ከመክፈትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። መብራት ጠፍቷል ተብሎ ስፒናው ሳይነቀል መሥራት ፈጽሞ አይገባም፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተው የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያም ከሚለኩት ዕቃ ላይ ቢያንስ አንዱን ሽቦ ነቅለው ቴስተሩን በኦም ላይ ያድርጉት። ሽቦው ሳይነቀል ከተለካ በሌላ መንገድ ዞሮ የሚመጣ ንባብ ሊያሳስትዎ ይችላል። 220 በ220 ተባዝቶ ለ2200 ሲካፈል 22 ስለሚሆን፣ ጤነኛ ሬዚስታንስ 22 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ምንም ንባብ ከሌለው ተበጥሷል። አንዱን የቴስተር ጫፍ በማሽኑ ብረት፣ ሌላውን በሬዚስታንሱ ጫፍ ላይ አድርገው ሲለኩ ደግሞ ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ ሬዚስታንሱ ብረቱን ነክቷልና መልሰው እንዳይሰኩት። ፊውዙና ቴርሞስታቱ በቀዝቃዛነታቸው ሲለኩ ወደ ዜሮ የቀረበ ንባብ ይሰጣሉ።

አንድ አባል፣ ከአዘዞ፦
ሬዚስታንሱ ተበጥሶ ከተገኘ በገበያ የሚሸጠውን የምጣድ ሬዚስታንስ ቆርጦ መተካት የሚቻል ይመስለኛል፤ እንደ ልብ ይገኛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ፊውዙ ከሆነም ዋናው እስኪገኝ ድረስ በሽቦ አገናኝቶ መጠቀም ይቻላል።

ባለሙያው፣ ከአራዳ፦
ወንድሜ፣ አሳብዎ በቅንነት የቀረበ ቢሆንም ሁለቱንም እቃወማለሁ። የምጣድ ሬዚስታንስ በሸክላው ቦይ ውስጥ ተኝቶ የሚሠራ ነው፤ የማድረቂያው ግን ነፋስ በሚያልፍበት ክፍት ቦታ ተወጥሮ የሚቆም ስለሆነ፣ የምጣዱ ሲግል ረግቦ ብረቱን ሊነካ ይችላል። ፊውዙን በሽቦ ማገናኘት ከዚህም የከፋ ነው። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ቢቀር ወይም አየሩ ቢታፈን ሙቀቱን የሚያቆመው ነገር አይኖርም፤ በውስጡ የሚከማቸው የልብስ ብናኝ ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሕፃናት በሚተኙበት ቤት ይህ ለአንድ ቀንም ቢሆን መደረግ የለበትም።

ጠያቂዋ፦
በተባለው መሠረት ስለካ ሬዚስታንሱ 22 ኦም አካባቢ አሳየ፤ ከብረቱ ጋርም ንክኪ የለውም። ቴርሞስታቱም ደህና ነው። በሬዚስታንሱ ሳጥን ላይ በሁለት ብሎን የታሰረችው ትንሽ ክብ ፊውዝ ግን ምንም ንባብ የላትም፤ ከገቡባት ሽቦዎች የአንዱ ጫፍ ጠቁሯል፣ ልባጡም ተኮማትሯል። አዲስ ስገዛ ምን ላስተውል?

ባለሙያው፣ ከአራዳ፦
እንግዲህ ሬዚስታንስ ማስመጣት አያስፈልግዎትም። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ይህ ፊውዝ መሐሉ ላይ ባለች ትንሽ አዝራር ተጭኖ ስለሚመለስ አስቀድመው ይመልከቱ፤ አዝራር ከሌለው መተካት ብቻ ነው። አሮጌውን ይዘው ወደ መለዋወጫ መደብር ይሂዱ፤ በላዩ የተጻፈው የሙቀት ዲግሪ፣ አምፔሩና ቮልቱ ከአዲሱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዲግሪው ከፍ ያለውን «ይበልጥ ይቆያል» ብለው ቢሰጡዎት አይቀበሉ። የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ እስከ ንጹሕ መዳቡ ድረስ ቆርጠው፣ ሙቀት የሚችል አዲስ መያዣ በፒንሳ አጥብቀው ይግጠሙለት፤ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው አያዋጣም፣ ይቀልጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ፊውዙ የተቃጠለበትን ምክንያት ይፈልጉ። ያ የጠቆረው የሽቦ ጫፍ ላልቶ ከነበረ ራሱ ሊያግል ይችላል፤ በብዛት የሚታየው ግን የአየር መታፈን ነው። የብናኝ ወንፊቱን፣ የሬዚስታንሱን ሳጥንና ቱቦውን እስከ ጫፉ ድረስ ይፈትሹ። ማሽኑ ወደ ግድግዳው አብዝቶ ሲገፋ ቱቦው ይታጠፋል፤ እርጥቡ ብናኝም በእጥፋቱ ውስጥ እንደ ጭቃ ይጋገራል። ይህ ሳይጸዳ የሚገባ አዲስ ፊውዝ ብዙ አይቆይም።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ከፒያሳ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ወደ 10 አምፔር ስለሚስብ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ እንጂ በዲቫይደር አይሰኩት፤ ከምጣድ ጋርም በአንድ ጊዜ አያሠሩት። ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ የሬዚስታንሱ ኃይል በሲሶ ያህል ስለሚቀንስ ልብሱ ቶሎ አይደርቅም፤ ወደፊት እንዲህ ቢሆን ማሽኑን ከመክፈትዎ በፊት የሶኬቱን ቮልት ይለኩ።

ባለሙያው፣ ከአራዳ፦
ትክክል ነው። እህቴ፣ ፊውዙን ከገጠሙ በኋላ ክዳኑን ሳይመልሱ እንዳያስነሱት። መጀመሪያ ባዶውን ለአሥር ደቂቃ ያህል ያሠሩትና ከቱቦው ጫፍ ሞቃትና ጠንካራ ነፋስ መውጣቱን በእጅዎ ያረጋግጡ፤ ከዚያም ማሽኑን አጥፍተው ስፒናውን ይንኩት፣ የሚያቃጥል ከሆነ ሶኬቱም መቀየር አለበት።