ክርክር፦ ቀሃ በግንብ ይታሰር ወይስ ተከልሎ ይረፍ?

መነሻ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር የጎንደሩ ቀሃ ወንዝ ዳሩን ይንዳል። ገሚሱ ሰው «በድንጋይ ይገንባና መናፈሻ ይሁን» ይላል፤ ሌላው «ከብትና አሸዋ ጫኝ ይከልከል፣ ወንዙ ራሱ ያገግማል» ባይ ነው። እናንተስ?

የአራዳው፦ ግንብ! እስኪያገግም ስንጠብቅ የሰው ቤት ይሄዳል። በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ጥር ላይ ስንቱ ቆሞ ይገኛል?

የማራኪዋ፦ ለምን እንደሚደርቅስ ጠይቀህ ታውቃለህ? አሸዋው ተዝቆ ሲወጣ የወንዙ ወለል ይወርዳል፤ ወለሉ ሲወርድ በዳርና ዳር ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ይሸሻል። አኻያና ዶቅማ ሥራቸው እርጥበት ካላገኘ አይሆንላቸውም። በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1995 ተኩላ ሲመለስ አኻያውን የሚግጠው አጋዘን ቀነሰ፤ ወለላቸው በወረደ ጅረቶች ዳር ያለው አኻያ ግን ብዙው እንደ ድንክ ቀረ። ስለዚህ ከብት መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያ አሸዋው ይቁም። ግንቡም ቢሆን፣ ውሃው በጎን መስፋት ሲያቅተው ወደ ታች ቆፍሮ መሠረቱን ይበላዋል።

የፒያሳው፦ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ የሚባል 166 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ወንዝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 አቃንተው 90 ኪሎ ሜትር ቦይ አደረጉት። ረግረጉ ደረቀ፣ ወፉ ሸሸ። ከ1999 ጀምሮ የቦዩን ከፊል መልሰው እየደፈኑ እስከ 2021 ለፉበት። እኛ ደግሞ ገና ልንጀምረው ነው!

የማራኪዋ፦ ምሳሌው ደስ ይላል፣ ግን የፍሎሪዳ ምድር ሜዳ ነው። የእኛ ወንዝ ከተራራ በአንድ ቀን ዝናብ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርድ ነው። እንዲህ ያለው መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ቀጥሎ ዳሩን እየናደ ይሰፋል። ሲሰፋ ጉልበቱ ይላላል፣ ደለል ይጥላል፤ ደለሉ ላይ ሣር፣ ከዚያም ቁጥቋጦ ይይዛል። የምትፈሩት ናዳ የማገገሙ አካል ነው ማለት ነው። አስርት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ አልዋሽም።

የአራዳው፦ ከናዳው በላይ ለሚኖር ሰው ይህን ንገሪው እስቲ።

የቀሃ ኢየሱሷ፦ እኛ ነን ከላይ ያለነው። ጎርፉ ሲጎድል ሥሩ ሁሉ ፌስታል ለብሶ ነው የሚቀረው። ቆሻሻው ሳይቆም ስለ አኻያ ታወራላችሁ!

የአዘዞው፦ እናንተ የምትከራከሩበት አፈር የመገጭን ወንዝ ይዞ እኛ ሽንኩርት ላይ ይተኛል፣ የተረፈው ጣና ይገባል። ለከተማው የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብም ደለል እየሞላው የሚጎዳው ከተማው ነው። እኔ መከለሉን እደግፋለሁ። ከወንዙ ዳር ያለኝን ባሕር ዛፍ ንቀል ካላችሁኝ ግን የልጆቼን ትምህርት ቤት ማን ይከፍላል?

የማራኪዋ፦ አያ፣ ባሕር ዛፉን ባንዴ ንቀሉ የሚል የለም። በተቆረጠበት እግር ዶቅማ እየተካችሁ ብትሄዱስ? ለቤቶቹና ለድልድዩ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ይሁን፤ ሌላው ይከለል። ከብት አይግባ፣ ሣሩ እየታጨደ ለአካባቢው ሰው ይከፋፈል።

የአራዳው፦ ለጋቢዮኑ እስማማለሁ። ሣሩም ይከፋፈል። ሌሊት በሲኖትራክ አሸዋ የሚጭኑትን ወጣቶች ግን ምን ሥራ ሰጥተን ነው የምናስቆማቸው? እስቲ መልስ ያለው ይጻፍ።