ክርክር፦ ዘራቸው የተመዘገበ ጊደሮችና ጥጆች በሐራጅ ይሸጡ ወይስ በዕጣ?

አወያይ፦
ሰላም ጎንደሮች፤ የአዘዞም፣ የማራኪም፣ የወለቃም። የዛሬው ጥያቄ ከበረት ወጥቶ ሻይ ቤት ገብቷል። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ የእርባታ ጣቢያዎች የወተት ጊደርና ጥጃ ሲሸጡ እንዴት ይሽጡ? ግማሹ ሰው «ሐራጅ ይውጣ፣ ከፍ ያለ ዋጋ የጠራ ይውሰድ» ይላል። ግማሹ «ዋጋው ተቆርጦ ለትንንሽ አርቢዎችና ለተደራጁ ወጣቶች በዕጣ ይሰጥ» ይላል። የምናወራው እናትና አባቷ፣ የተወለደችበት ቀንና የእናቷ ወተት በመዝገብ ስለተያዘላት ጊደር ነው። አርጅቶ ስለሚወገድ ከብት አይደለም። ስድብ ክልክል ነው። ደላላም ካለ ገብቶ ይናገር፣ ግን ደላላ ነኝ ብሎ።

ባለ ሦስት ላም (አዘዞ)፦
እኔ ከዕጣው ወገን ነኝ። ሐራጅ ማለት ለእንደኔ ዓይነቱ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ምን ይላል? የሰነድ መግዣ፣ የጨረታ ማስያዣ በሲፒኦ፣ ላሸነፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ሙሉ ክፍያ። የኔ ብር ባንክ አይተኛም። ጠዋት ወተት ሆኖ ይወጣል፣ ማታ ፋጉሎና ፉርሽካ ሆኖ ይገባል። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ የሚጠይቀኝ ሕፃን ያለው ቤት ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ሐራጅ ቢወጣ በምኔ ልወዳደር? ነጋዴውን ጾም አይነካውም። ገዝቶ ያቆያትና ከፋሲካ በኋላ ለኔው ይሸጥልኛል፤ ያውም «ከጣቢያ የወጣች ናት» እያለ፣ ላዩ ላይ ጨምሮ።

ጊደሯ ያደገችው በሕዝብ ገንዘብ ነው። የሌማት ትሩፋት በ2015 ሲጀመር የተነገረን ወተት በየቤቱ እንዲደርስ ነበር። ታዲያ ዘሩን ለባለ ትልቅ ኪስ አሳልፎ መስጠት ምን የሚሉት ነው?

ብር ቆጣሪ (ፒያሳ)፦
ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ዕጣ አይደለም። የተዳቀለች ርጉዝ ጊደር ዛሬ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ናት። ጣቢያው በግማሽ ዋጋ ልስጥ ሲል ግማሹ አይተንም፣ አንድ ሰው ኪስ ይገባል። የማን ኪስ? የስም ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰውዬ የሚያውቀው ሰው ኪስ።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገርህ፣ ቦታውን አልጠራም። በተደራጁ ወጣቶች ስም የወጡ ጊደሮች ከግቢው በር ሳይርቁ ኢሱዙ ላይ ተጫኑ። ልጆቹ ገመዱን ለሾፌሩ ረዳት አቀበሉ፣ ብራቸውን ተካፈሉ፣ ሄዱ። አንዷ ጊደር አልወጣ ብላ ግንባሯን መኪናው ላይ ስትገፋ የነበረችው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ናት። የጆሮዋ ቁጥር ያኔውኑ ተቆርጦ መሬት ወድቋል። መዝገብ ያልከው እዚያው አበቃ።

ሐራጅ ቢያንስ ሁሉ ሰው ፊት ነው። ጣቢያውም የሚገባውን ዋጋ ካላገኘ በከርሞው በምን መኖ ሌላ ጊደር ያሳድጋል?

ባለ ሦስት ላም፦
ሁሉ ሰው ፊት? ነጋዴዎቹ ከዋዜማው ቁጭ ብለው «ይችን አንተ፣ ያችን እኔ» ተባብለው ነው የሚመጡት። አንዱ ሲጠራ ሌላው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አዳራሹ ውስጥ የምታየው ድራማ ነው።

ብር ቆጣሪ፦
ለዚህ መነሻ ዋጋ አለ። ከዚያ በታች ከተጠራ ጊደሯ ወደ በረቷ ትመለሳለች። አበቃ።

የከብት ሐኪም፦
ሁለታችሁም በዋጋ ትጣላላችሁ፤ የምትገዙትን ግን አላያችሁትም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሡኝ።

ጥቁርና ነጭ ቡሬ ቆዳ ባየን ቁጥር «ሆልስታይን ናት»፣ ማለትም የፈረንጅ የወተት ላም ናት እንላለን። ቆዳ ዘር አይደለም። የፈረንጅ ደሟ 50 ከመቶ የሆነውም 75 ከመቶ የሆነውም ቡሬ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚወጣው መኖ ሲሳሳ ነው፤ 75ቷ ቶሎ ትከሳለች፣ ኮርማ መፈለጓን ትተዋለች። ገዢው ይህን የሚያውቀው ከመዝገብ እንጂ ከመልኳ አይደለም። ዘሯ ተመዝግቧል የሚባለው የጆሮዋ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ሲገጥም፣ የአባቷ ኮርማ ቁጥር ሲኖር፣ የእናቷ ወተት በ305 ቀን ተለክቶ ሲጻፍ ነው። 305 ቀን ያልኩት ላምን ከላም የሚያወዳድሩበት የተለመደ መለኪያ ስለሆነ ነው። «እናቷ 20 ሊትር ትሰጥ ነበር» ማለት መዝገብ አይደለም። መቼ ነው 20 የሰጠችው? በወለደች በሁለተኛው ወር ነው ወይስ ልትነጥፍ ስትል?

ጤናው ደግሞ አለ። የከብት ቲቢ ሲመረመር አንገቷ ላይ ቆዳዋ ውስጥ ትወጋለች። ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሰን እብጠቱን በመለኪያ እንለካለን። ሐራጅ ግን በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ ሰነዱም «ባሉበት ሁኔታ» ይላል። አሮጌ መኪና ባለበት ሁኔታ ይሸጥ፣ መኪና ጎረቤቱን አያሳምምም። ላም ግን ታሳምማለች። ብሩሴሎሲስ የምንለው የሚያስወርደው በሽታም ደም ተወስዶ እንጂ በዓይን አይታይም። ሁለቱም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይሻገራሉ። ዕጣም ቢሆን ያው ነው፤ በሽተኛ ጊደር በርካሽ የደረሰው ሰው አልተጠቀመም።

ጥጃ ላይ ነገሩ ይብሳል። ጥጃ ስትወለድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጠጣት አለባት። ያ ጊዜ ካለፈ አንጀቷ የእናቷን መከላከያ ወደ ደሟ ማስገባቱን እየተወ ይሄዳል፤ ቀንና ሌሊቱ ሲሞላማ አበቃ። የሦስት ሳምንት ጥጃ ሐራጅ ላይ ታጥባና ተቦርሻ ስትቆም እንገር ትጠጣ አትጠጣ ማን ያውቃል? እኔ እምብርቷን ነው የምዳስሰው። ካበጠና ከሞቀ እጄን አጥቤ እሄዳለሁ።

መንታም አለ። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ሴት ጥጃ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ መካን ናት። መልኳ ግን ያማረ ነው፤ ፈርጠም ያለች፣ ጠጉሯ የሚያብረቀርቅ። መዝገቡ ላይ «መንታ» ተብሎ ካልተጻፈ ገዢው ሁለት ዓመት ቀልቦ ነው የሚነቃው። ሐራጅ ላይ ከፍተኛውን ዋጋ የምታወጣው እሷ ብትሆን አይገርመኝም።

ጎንደሬ በባሕር ማዶ፦
ዶክተር፣ እጅ ይባረክ። እዚህ ብሪታንያ ዘር ከብት በሐራጅ መሸጥ የቆየ ባህል ነው። ከሐራጁ በፊት መጽሔት ይታተማል፤ የእያንዳንዷ ጊደር አባት፣ እናት፣ የእናቷ ወተትና ቅባቱ ተዘርዝሮ ይወጣል። ገዢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀድሞ ያነባል። የሚገርመው ዋጋው አሁንም ብዙ ቦታ በጊኒ ነው የሚጠራው። አንድ ጊኒ አንድ ፓውንድ ከአምስት ፔንስ ነው፤ ትርፏ አምስት ፔንስ በልማድ የአጫራቹ ድርሻ ነበረች። ጊኒ የሚባል ገንዘብ ራሱ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ እንደ ፈረስና ዘር ከብት ባሉት ሐራጆች ላይ ቀረ። ሐራጁ የሚሠራው ግን ሻጩ ስሙን ስለሚፈራ ነው። አንዴ ያልሆነች ጊደር ሸጦ ከተያዘ በሚቀጥለው ዓመት እጁን የሚያወጣለት የለም።

ባለ ሦስት ላም፦
እዚህ ስሙን የሚፈራው ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ በዓመቱ ይዛወራል።

አዳቃይ ነኝ፦
ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ስለ ጊደር ነው። ዘሩ እኮ በቀጭን ቀሰም ይመጣል! ባለ ሦስት ላም፣ ላሞችህን በጥሩ ኮርማ አባለዘር አስዳቅልና ጊደርህን ራስህ አሳድግ። ሴት ሴቱን የሚያስወልድ የተለየ አባለዘርም አገር ውስጥ ገብቷል፤ ከአሥር ዘጠኙ ሴት ነው። በሐራጅ ለአንድ ጊደር የምትከፍለው ለዓመታት ያስዳቅልሃል።

ባለ ሦስት ላም፦
አንተን ወይም ጓደኛህን ቅዳሜ ማታ ደውዬ አግኝቼ አውቃለሁ? ላሟ ኮርማ የምትፈልገው ለግማሽ ቀን ከትንሽ ነው። ቅዳሜ ማታ ጮኸች፣ እሑድ በዓል፣ ሰኞ ስብሰባ። ከዚያ 21 ቀን ጠብቅ። የ21 ቀን መኖ ማን ይከፍለኛል?

አዳቃይ ነኝ፦
ሞተር ሳይክሉ ቤንዚን የለውም፣ አባለዘሩን አቀዝቅዞ የሚያቆየው ናይትሮጂንም ያልቅብናል። እሱንማ አልክድም።

የፎገራ ልጅ፦
ጎንደር ተቀምጣችሁ ሆልስታይን ሆልስታይን ስትሉ ገረመኝ። የፎገራ ላም የጣና ዳር ልጅ ናት። ረግረጉን ታውቃለች፣ ዝንቡን ታውቃለች፣ ገለባ በልታ ታልባለች። ሩዙ የግጦሹን መሬት ሲወስድ፣ ማዳቀሉ ደግሞ ዘሩን ሲያቀላቅል ንጹሑ ፎገራ እየጠፋ ነው። አንዳሳ ያለው የምርምር ማዕከል ዘሩን ይዞ ባያቆይ ከዚህም የባሰ ይሆን ነበር። መተከል የነበረው እርባታም የፎገራን ላም ከፍሪዥያን፣ ያው ከሆልስታይን ወገን፣ እያዳቀለ ርጉዝ ጊደር ለገበሬ ያዳርስ ነበር። በሐራጅ አልነበረም። እሺ፣ ድቅሉ ይቀጥል። ግን ንጹሕ የፎገራ ጊደር በምንም ሐራጅ መውጣት የለባትም። ዛሬ ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጣት የሥጋ ነጋዴ ነው።

ብር ቆጣሪ፦
በዚህኛው አልከራከርም። ንጹሕ ፎገራ ቅርስ ነው፣ ይያዝ። የኔ ክርክር ስለ ድቅሏ ነው።

የማራኪዋ እናት፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ከብት ያሳደግሁት ከመማሬ በፊት ነው፣ ስለዚህ ቀጥታ ልናገር። ጊደር ለሚያምር ስምም፣ ለሚያምር ብርም አይሰጥም፤ በረት ላለው ይሰጣል። ሰው ሄዶ በረቱን ይይ። ወለሉ ያዘቀዝቃል ወይ? ሽንቱ የት ይሄዳል? ድርቆሽ ለክረምት ከምሯል? የቢራ አተላ ብቻ እያቀረበ «መግቤያለሁ» ይላል ወይ? ዳሽን ቢራ እዚሁ ስላለ ሁሉ ሰው አተላ ይጭናል፤ ሣር ግን የሚያጭድ የለም። ላም ያለ ሣር ሆዷ ይበላሻል። በረት ያለው ተመዝግቦ፣ እነሱ ብቻ ይጫረቱ። በረት የሌለው ነጋዴ በሩ ላይ ይቅር።

ደግሞ ጡት ያልጣለች ጥጃ ገበያ ማውጣት ነውር ነው። በቀን አራት ሊትር ወተት የሚሰጣት ማን ነው? ወተት ሊሸጥ የገዛት ሰው ለጥጃ ወተት አይሰጥም። ውኃ ያጠጣታል፣ በሳምንቷ ያስቀምጣታል። ጡት ጥላ፣ ድርቆሽ ማመንዠክ ስትጀምር ትሸጥ። ወንዶቹን ጥጆች ግን ማንም ይግዛቸው፣ ሐራጅም ይሁን ዕርድ ግድ የለኝም።

ባለ ሦስት ላም፦
እትዬ፣ እርስዎ ካሉስ እኔም እስማማለሁ፤ ተጫራቹ በረቱ የታየ አርቢ ብቻ ከሆነ። ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ። አንድ ሰው ከሁለት ጊደር በላይ አይግዛ፤ የገዛትንም እስክትወልድ እንዳይሸጥ ውል ይፈርም።

ብር ቆጣሪ፦
ሁለት የሚለውን እቀበላለሁ። «አይሽጥ» የሚለው ግን ወረቀት ላይ ይቀራል። ልጁ ቢታመምበትስ? ሰው የገዛውን ንብረት አትሽጥ ማለት ከባድ ነው። ይልቅ የጆሮ ቁጥሯ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲዛወር መዝገቡም አብሮ ይዛወር። ቁጥሩን የቆረጠ ይቀጣ።

የከብት ሐኪም፦
እንዲህ ከሆነ የኔ ሐሳብ ይግባ። ሐራጁ ይካሄድ። አሸናፊው ማስያዣውን ያስይዝ፣ ጊደሯ ግን ከጣቢያው አትውጣ። በዚያው ቀን ትወጋ፤ በሦስተኛው ቀን ገዢው ባለበት ይለካ። ንጹሕ ከሆነች ከፍሎ ይውሰድ። ካልሆነች ገንዘቡ ይመለስለት። ርጉዝ ናት የተባለችም እዚያው በእጅ ትመርመር፤ ሁለት ወር ካለፋት ልምድ ያለው እጅ አይስታትም።

ባለ ሦስት ላም፦
ሦስቱን ቀን ድርቆሹ በማን ነው?

የከብት ሐኪም፦
በሻጭ።

ብር ቆጣሪ፦
በገዢ! ዋጋ ከጠራ በኋላ የሱ ናት።

የማራኪዋ እናት፦
ለሦስት ቀን ድርቆሽ ትጣላላችሁ? እኔ እከፍላለሁ። ይልቅ ዶክተር፣ እብጠቱ የተገኘባት ጊደርስ? ገዢው ብሩን ይዞ ሄደ። እሷ ወዴት ነው የምትሄደው?

የከብት ሐኪም፦
እትዬ፣ ወደ መንጋዋ መመለስ የለባትም። መሄድ ያለባት ቄራ ነው፣ ሥጋው በመርማሪ ታይቶ። አንዷ ከተገኘባት ደግሞ መንጋው ሁሉ መመርመር አለበት። ብዙ ሻጭ ምርመራውን የሚሸሸው እኮ ለዚህ ነው።